ጌም በወንፈል የሠራሁ ጊዜ

ቢቸና ላይ ተቀምጦ «ጌም እሠራለሁ» ብሎ አፍ አውጥቶ መናገርን ለማንም አልመክርም። መጀመሪያ ለአከራዬ ነገርኋቸው። «ጥሩ ነው፤ ተማሪዎቹን በትምህርት ሰዓት እንዳታስገባቸው እንጂ» አሉኝ። ቴሌቪዥን ደርድሬ ልጆች የማጫውትበት ቤት ልከፍት መስሏቸው ነው። ቀጥዬ ለእናቴ ነገርኋት። «ጨዋታ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለች። አዎ አልኋት። «እሱስ ይሁን፤ ሥራህን መቼ ልትሠራ ነው?» በመጨረሻ ኮምፒውተር በማስተምርበት ኮሌጅ ላሉት የክፍል ኃላፊ ነገርሁ። እሳቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ከዓመቱ ዕቅዳችን ከየትኛው ግብ ጋር ይጣጣማል?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም ላልናገር ማልሁ፤ ይኸው አሁን ደግሞ ለእናንተ እየተናገርሁ ነው።

ጌሙ «ኮታ» ይባላል። አንድ ትልቅ መጋዘን አለ። በመጋዘኑ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ሣጥን ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ ይሸከማል። ከላይ በመስታወት በተከለለች ክፍል ውስጥ ጌታው ማይክራፎን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሠራተኛው ዛሬ ዐሥር ሣጥን ካደረሰ ነገ ዐሥራ ሁለት አድርስ ይባላል፤ ዐሥራ ሁለቱን ካደረሰ ዐሥራ አምስት። ሲደክመውና ቁጢጥ ሲል ጌታው በማይክራፎን «አይዞህ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን!» ይለዋል። ይነሣና ይሸከማል። ይህ ጌም ማሸነፊያ የለውም። ረስቼው አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ሰው ተጫውቶ ተጫውቶ፣ ተናዶ፣ ስልኩን ወርውሮ «ይህ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው የፈለግሁት። በርግጥ አንዳንዱ ሰው ስልኩን ወርውሮ ስክሪኑን ያሰበረውን ሰው፣ ማለትም እኔን፣ ነው የሚጠይቀው።

ነገሩ ከሜዳ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አዲስ አበባ አንድ መጋዘን ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። እዚያም ቤተሰብ ነበርን። አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት እናት ወገቧን ስትታመም አንድ ሳምንት ተኛች። ስትመለስ በር ላይ ዘበኛው «ስምሽ የለም» አላት። ጎንበስ ብላ፣ ወገቧን በእጇ ደግፋ፣ በዚያ በር ስትመለስ አይቻታለሁ። ምንም አላልሁም፤ ኮታዬ አልሞላም ነበር። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ የሚፈላውም በጌታው ብቻ አይደለም። እንግዲህ ቢቸና ተመልሼ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ያንን ንዴት የማወጣበት ነገር ስፈልግ ነው ጌሙ የመጣልኝ።

ችግሩ መሣል አልችልም። ሠራተኛውን ሣልሁት፣ ድንች መሰለ። ጌታውን ሣልሁት፣ እሱም ድንች መሰለ። ድንች ድንችን ሲበድል አይቶ የሚያዝን ሰው ደግሞ የለም። ያኔ ትዝ ያለችኝ ወይንሸት ናት። ወይንሸት ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አላት፤ አንድ ሥልጠና ላይ ተዋውቀናል። የሠርግ ጥሪ ታዘጋጃለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መኪና የሚጠብቁትን ሰዎች በእርሳስ ትሥላቸዋለች። የሣለችውን ሰው ካየኸው ጫማው የት ጋ እንደጠበበው ሁሉ ታውቃለህ። ላፕቶፔን ታቅፌ፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጌ፣ እግሬ ሥር ከተቀመጠች የሰው ዶሮ ጋር እየተገፋፋሁ ሞጣ ደረስሁ።

ድንቾቼን አሳየኋት። ሳትሥቅ አየቻቸው፤ ለዚህ እስካሁን አመሰግናታለሁ። 

«ሲያልቅ ማን ይገዛዋል?» አለችኝ።

«አይሸጥም። በነፃ ነው የሚለቀቀው። ብዝበዛን እየተቃወምሁ እንዴት አድርጌ እሸጠዋለሁ?»

«ደግ። እኔስ ስሥልልህ?»

እዚህ ላይ ቆም አልሁ። ኪሴ ውስጥ የነበረው የመመለሻዬ ብቻ ነው። ቆሜ ሳስብ ግን አንድ ትልቅ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ትልቅ ሐሳብ ብልጭ ሲልልኝ ድምፄ ይጎላል።

«በወንፈል እንሥራው!» አልሁ። «ይታይሽ እስኪ፣ ካፒታሊዝምን የሚቃወም ጌም ያለ ካፒታል ሲሠራ! አባቶቻችን ያለ ቀጣሪና ያለ ተቀጣሪ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ለዓለም እናሳያለን!»

ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ ሁለት ሰዎች አጨበጨቡልኝ። ወይንሸት አላጨበጨበችም። ትክ ብላ አየችኝ።

«ወንፈል ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የጎጃም ልጅ አይደለሁም እንዴ!»

«እንግዲያ እሺ» አለችና እጇን ዘረጋች። ተጨባበጥን።

አሁን እውነቱን ላውጣው። የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ግን የከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ከእህል ጋር የነበረን ዝምድና ወፍጮ ቤት ወረፋ ከመያዝ አያልፍም። ስለ ወንፈል የማውቀውን ያወቅሁት ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። «ሀ. ደቦ፣ ለ. ወንፈል፣ ሐ. ጅጊ፣ መ. ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶ «መ»ን አክብቤ አግኝቻለሁ። በዚያች በአንዷ ነጥብ ተማምኜ ነው ቃል የገባሁት። እናንተም እንደ እኔ «መ»ን ያከበባችሁ ከሆናችሁ ልንገራችሁ። ደቦ ባለ ማሳው ሰው ጠርቶ፣ አብልቶ አጠጥቶ የሚያሠራው ነው፤ ሰዉ ሠርቶ፣ ዘፍኖ፣ መርቆ ይሄዳል። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው። አንድ ቀን ከሠራሁልህ አንድ ቀን ትሠራልኛለህ። እኔ ወንፈል እያልሁ በሆዴ ያሰብሁት ደቦን ነበር። ለደቦም ቢሆን አንድ ጣሳ ጠላ እንኳ አላቀረብሁም።

ለጌታው ድምፅ ደግሞ ከድርን ያዝሁ። ከድር ከወራቤ ተመድቦ ቢቸና የመጣ ፋርማሲስት ነው። ድምፁን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ሲል የታመመው ቀርቶ አስታማሚው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሱም ወንፈል ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ እኔም እንደገባኝ አስረዳሁት። ከድር ግን ጠንቃቃ ሰው ነው፤ በነጋታው መድኃኒት ሊወስዱ የመጡ ሽማግሌዎችን በመስኮቱ በኩል ደግሞ ጠየቀ። ከሩቅ የመጣው ሰው አገሬን ከእኔ አብልጦ አወቃት። ማወቁን ግን ለእኔ አልነገረኝም። ሁለት ቀን ተቀምጦ የጌታውን ንግግር ቀዳልኝ።

ወይንሸት ክረምቱን ሙሉ ሣለች። ጽሕፈት ቤቷን እየዘጋች ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሠራችልኝ። የሠራተኛውን የሸሚዝ ኮሌታ ላብ ያወዛው አድርጋ ስትሥለው ያቺ ወገቧን የደገፈች እናት ትዝ ብላኝ አለቀስሁ። አልቅሼ ስጨርስ ግን «ሣጥኑ ትንሽ ይነስ» አልኋት። አሳነሰችው። «ይቅር፣ እንደ ድሮው ይሁን» አልኋት። መለሰችው። «ጌታው ፊቱ ይሙላ፣ ግን ብዙ አይሙላ» አልኋት። እንዲህ ስል አንድም ቀን ራሴን አልሰማሁትም።

መስከረም ላይ ደስ የሚል ነገር መጣ። አዲስ አበባ ለሚዘጋጅ የወጣት ጌም ሠሪዎች ዐውደ ርእይ ሥራችንን አመልክቼ ነበርና ተመረጠ። የመጨረሻውን ቅጂ ኅዳር ውስጥ በአንድ ሐሙስ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በኢንተርኔት መላክ ነው የቀረን። ክፍል ውስጥ ስለ ኬብል ዓይነቶች እያስተማርሁ ሣቅሁ። ተማሪዎቹም ኬብል የሚያስቅ ነገር ያለው መስሏቸው ማስታወሻ ያዙ።

ጥቅምት ላይ ከድር ደወለ።

«መምህር፣ ቤት ልቀይር ነው። ቅዳሜና እሑድ ናልኝ።»

«ባገኝህ ደስ ባለኝ፣ ግን ጌሙን እያጠናቀቅሁ ነው።»

«ሁለት ቀን አለብህ እኮ።»

«የምን ሁለት ቀን?»

«የወንፈል» አለ፣ በዚያ በማይክራፎኑ ድምፅ።

ሄድሁ። የከድር ዕቃ ብዙ አይደለም፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መጻሕፍትና ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን። ቁም ሣጥኑን በጋሪ ጭነን ገበያውን ሰንጥቀን አለፍን፤ መስታወቱ ወደ ውጭ ስለነበር የቢቸና ሰው ሁሉ ፀጉሩን እያስተካከለ ተከተለን። አዲሱ ቤት በር ላይ ስንደርስ እኔ ከውስጥ ሆኜ ሳብሁ፣ ከድር ከውጭ ሆኖ ገፋ፣ ቁም ሣጥኑም መሐል ላይ ተቀረቀረ። ወደ ውስጥ አይገባ፣ ወደ ውጭ አይወጣ። የቤቱ በር ደግሞ ያ ብቻ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ምክር ይሰጣል። አንዱ «ዘይት ቀቡት» ይላል፣ ሌላው «ሰውዬውን በመስኮት አውጡት» ይላል። መስኮቱ ፍርግርግ አለው። ምሳዬን በቁም ሣጥኑ አናት ላይ አሻግረው ሰጡኝ። አናጢ መጥቶ የበሩን ጉበን እስኪነቅል ድረስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እኔ ከሥር ገብቼ ተሸክሜ ሳቃስት ከድር ስልኩን አውጥቶ አፌ አጠገብ ያዘና «ድገመው፣ ለሠራተኛው ድምፅ ይሆናል» አለኝ። ደገምሁት። ዛሬ ጌሙ ውስጥ ሠራተኛው ሲወድቅ የምትሰሙት ማቃሰት የእኔ የራሴ ነው።

ይህ እንግዲህ የሁለት ቀኑ ነበር። ኅዳር ላይ ባለ ዐሥራ ዘጠኝ ቀኗ ደወለች።

«መምህር፣ የእማዬ ጤፍ ደርሷል። ሰኞ ማጨድ እንጀምራለን። ና።»

እኔም ቀልዷን መስሎኝ «ማጭድ ልግዛ እንዴ?» ብዬ ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም። አባቷ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ቆይቷል። ማሳውን በየዓመቱ የሚያነሡት በወንፈል ነው፤ ክረምት ወይንሸትና እናቷ የጎረቤት ማሳ ያርማሉ፣ ኅዳር ላይ ጎረቤት መጥቶ ያጭድላቸዋል። ዘንድሮ ግን ወይንሸት የሰው ማሳ አላረመችም። የእኔን ጌታ ፊት ስትሞላና ስታጎድል ነው የከረመችው። እናቷ ሲጠይቋት «ቀኔን ቢቸና ለአንድ መምህር አስቀምጫለሁ፤ ለአጨዳ ይመጣል» ብላቸዋለች። ስለዚህ የዘንድሮ አጫጅ እኔ ነኝ። የዓመት ቀለባቸው የቆመው በእኔ ጉልበት ላይ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይመጣል ተብሏል።

ስልኩን ዘግቼ ተጨነቅሁ። ያ ሐሙስ የዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር። አስቤ አስቤ መልእክት ጻፍሁላት። ቃሉን ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ፤ ከማፈር አላመልጥም። «ወይንዬ፣ ጌሙ የሚላክበት ሳምንት ስለሆነ እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።»

ላክሁና ሻይ አዘዝሁ። ሻዬን ሳልጨርስ መልስ መጣ፤ የድምፅ ፋይል ነው። ከፈትሁት። ከድር ነው፣ በጌታው ድምፅ፣ «አይዞህ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን!» ይላል። መጀመሪያ ወይንሸት የድምፁን ጥራት ልታሳውቀኝ የላከችው መስሎኝ «በጣም ጥርት ያለ ነው» ብዬ መለስሁላት። ከዚያ የጻፍሁትን መልእክት ደግሜ አነበብሁት። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፣ ሒሳብ ሳልከፍል ወጥቼ ኖሮ ተመልሼ ከፈልሁ፣ ደግሜ ወጣሁ።

ከኮሌጁ የሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሰኞ በጧት ሞጣ ነበርሁ። ከድር እጄ እንዳይላጥ ብሎ አንድ ፓኮ የቀዶ ጥገና ጓንት ሰጥቶኛል። የወይንሸት እናት ማሳ ከከተማው ወጣ ብሎ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ስደርስ እትዬ ዘውዴ፣ የወይንሸት እናት፣ ማጭድ አቀበሉኝ፤ እኔም ጓንቴን ሳብ ሳብ አድርጌ አጠለቅሁ። እጆቼን ወደ ላይ አንሥቼ ስቆም ለጥቂት ጊዜ አዩኝና «ልጄ፣ ጤፉን ልታዋልደው ነው?» አሉ።

አጫጆቹ ከእኔ ጋር ስድስት ነበርን። እናትና ልጅ፣ አያ ደምሴ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤት፣ እና የዘመድ ወገን የሆኑ አንድ ባልና ሚስት። አያ ደምሴ ወንፈል ኖሮባቸው አይደለም የመጡት፤ አዝነው ነው። ማጭዳቸውን እየሳሉ ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ ይህቺ ልጅ ክረምቱን ሙሉ የሠራችልህ ምንድን ነው?»

«ሥዕል ነው አያ። ሣጥን የሚሸከም ሰው።»

«ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?»

ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። «ምንም» አልሁ።

«ባዶ ሣጥን ነው የሚሸከመው?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ!» አሉና ዞር ብለው ማጨድ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጌሙ አልጠየቁኝም።

ለየአንዳንዳችን መስመር ተሰጠን። ጎንበስ ብዬ ጀመርሁ። ጓንቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተተለተለ። ጤፍ ከሩቅ ሲያዩት ለስላሳ ነው፤ ሲጨብጡት ግን ሌላ ነው፣ አንዱን ጭብጥ ስቆርጥ ሌላው ጭብጥ እግሬ ሥር ይበተናል። ቀና ስል ወገቤ ቀና አልልም ይላል። አያ ደምሴ የእሳቸውን መስመር ጨርሰው ማዶ ደርሰዋል። ሌሎቹም ደረሱ። እኔ ሲሶውን እንኳ አልጨረስሁም። አሁን ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ በሠራሁበት አገር የዘገየ ይሰደባል፣ የፈጠነው ደግሞ ይጨመርበታል። እነሱ ግን ምንም ሳይሉ ዞሩና የእኔን መስመር ከማዶ ጫፍ ጀምረው እያጨዱ ወደ እኔ መጡ። መሐል ላይ ተገናኘን። ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ አረፍን። ቀድሞ ጨርሶ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው የለም።

እኔ ነገሩ በጣም ገረመኝ። ለጌሙ የሚሆን ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝና ስልኬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርሁ።

«ስልኩን አስቀምጥና እጨድ» አለች ወይንሸት።

ማክሰኞ በዓል ስለነበር ማጭድ አልተነሣም። በሆዴ ደስ አለኝ፤ «ታዲያ ይህ ቀን ይቆጠርልኛል?» ብዬ ወይንሸትን ጠየቅኋት። «በዓል አይቆጠርም» አለች። ሰማዩ በዓልም አላገደው፣ ቀኑን ሙሉ ደመና ሲሰበስብ ዋለ። ረቡዕ አጨድን። እጄ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ቋጠረ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጮቄ ተራራ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። ገና የማሳው ሩብ ቆሟል። የታጨደውም ነዶው አልተሰበሰበም።

ላፕቶፔ በቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጌሙን ማታ ማታ ስጠጋግን ሰንብቼ ትናንት ሌሊት ነው የጨረስሁት። የሚቀረው ከተማ ደርሶ፣ ኔትወርክ ባለበት፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። እንግዲህ ጠብ አይቀርልኝም ብዬ የምመልሰውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ አያ ደምሴ ዘንድ ሄድሁ።

«አያ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ከተማ ደርሼ ልምጣ?»

«ሂድ። ማን ያዘህ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ይህን አልጠበቅሁም። እትዬ ዘውዴ ዘንድ ሄድሁ። «ሂድ ልጄ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ» አሉኝ። ወይንሸት ዘንድ ሄድሁ። እሷ ማጨዷን ቀጠለች። የምከራከረው ሰው አጣሁ። ፈቃድ የሚከለክል ቢኖር ኖሮ ተቆጥቼ፣ መብቴ ነው ብዬ፣ እየሮጥሁ እሄድ ነበር። ከልካይ የሌለበት ቦታ እንዴት ተደርጎ እንደሚኬድ አላውቅም።

ቦርሳዬን አንግቼ መንገዱ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ደረስሁና ዞር ብዬ አየሁ። አያ ደምሴ በራሳቸው መስመር ላይ የእኔን መስመር ጨምረው ይዘዋል። እጃቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያሰፉ፣ አንዴ ከራሳቸው አንዴ ከእኔ፣ ያጭዳሉ። በየመሐሉ ማጭዱን ይዘው ወገባቸውን በግራ እጃቸው ደገፍ ያደርጋሉ። ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አይቼው ዝም ብያለሁ። ቦርሳዬን ዛፉ ላይ ሰቀልሁና ተመለስሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ማፈር ነው።

ዐሥራ አንድ ሰዓት መቼ እንዳለፈ አላውቅም። ነዶ እየተሸከምሁ ነበር። የዚያን ዕለት እንደ ሮጥሁ መጋዘን ውስጥ ሮጬ አላውቅም፤ የሚያስሮጠኝ ሰው ግን አልነበረም። ክምሩን ሠርተን ሸራ አልብሰን የመጨረሻዋን ገመድ አያ ደምሴ ሲቋጥሩ ዝናቡ ወረደ። የማሳው አንድ ጠርዝ ቀርቶብናል፣ እሱን ዝናቡ አስተኛው። ሌላው ተረፈ። ቦርሳዬን ከዛፉ አወረድሁና እየሮጥን ቤት ገባን። እትዬ ዘውዴ ሦስት ጊዜ አማተቡና አመሰገኑ። ጾም ስለሆነ በሽሮ አበሉን፤ እኔ እጄ ስለማይታጠፍ እሳቸው አጎረሱኝ።

«ዐሥራ አንድ ሰዓት አለፈ» አልኋት ወይንሸትን፣ ቀስ ብዬ።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም ሰዓቱን ሳይ ነበር።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ እኮ…»

«ሥዕሎቹ የእኔ ናቸው» አለችኝ። «አዲስ አበባ ሰው ቆሞ ሲያያቸው ለማየት ጓጉቼ ነበር። በሠርግ ጥሪ ላይ አበባ ስሥል ነው የኖርሁት።»

ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ስትሠራ፣ ሦስት ቀን አብረን ስናጭድ፣ ዐውደ ርእዩ የእሷም መሆኑ አንድም ጊዜ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። «ጌሜ» ነበር የምለው። ከእጄ ቁስል ሁሉ የበለጠ ያመመኝ ያ ነው። እሷ ግን እናቷ ፊት ብዙ አላናገረችኝም፤ ቡና አልቆ ስለነበር ሻይ ልታፈላ ተነሣች።

«እስኪ አምጡት ይህን ክረምቴን የበላውን» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ጌሙን ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። እንዴት እንደሚነካ አሳየኋቸው፤ ሠራተኛው ሣጥን አነሣ፣ ሄደ፣ አደረሰ፣ ተመለሰ። ዐሥሩን አደረሱ። ዐሥራ ሁለት ሆነ። ዐሥራ አምስት ሆነ። ሠራተኛው አቃሰተና ወደቀ። አያ ደምሴ ድምፁን ሰምተው ወደ እኔ አዩ።

«ምነው ወደቀ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ደክሞት ነው እትዬ።»

«የሚያግዘው የለም?»

«የለም። ብቻውን ነው። ይህንን ለማሳየት ነው የሠራነው፤ ዓለሙ እንዲህ ስለሆነ።»

«ያ ከላይ የተቀመጠው ሰውዬስ?»

«እሱ ጌታው ነው።»

«እጅ የለውም?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ወይንሸት ሁለቱንም እጆቹን፣ ዐሥሩንም ጣቶቹን፣ ቀለበቱን ጭምር ሥላለታለች።

«አለው» አልሁ።

«ታዲያ ለምን አይወርድም?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረኝ። ስለ ሀብትና ስለ ጉልበት፣ ማን የማንን ላብ እንደሚበላ፣ ክፍል ውስጥ ቢሆን አንድ ሰዓት ሙሉ እናገር ነበር። እዚያ ግን የጠየቁኝ ሽሮ ያጎረሱኝ ሴትዮ ናቸው።

እትዬ ዘውዴ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና የወደቀውን ሰው በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። አልተነሣም።

«ሌላ ሰው ይግባለት» አሉ።

«ማንን ላስገባ እትዬ?»

«እኔን አስገባኝ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ዝናብ ነው ብዬ እንዳላሳብብ ከጣሪያ ሥር ነኝ። ወይንሸት የሻዩን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠችና ከመደርደሪያው ላይ ወረቀትና እርሳስ አወረደች። ስንት ቀን እንደሚፈጅ አልጠየቅኋትም። በርጩማ ስባ እናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ቀና በይ እማዬ» አለች።

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀና አሉ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰካው ማጭድ እያዩ «ይህንን ልያዘው ልተወው?» ብለው ጠየቁ።

«ያዢው» አለች ወይንሸት። «ከላይ ለተቀመጠው ሰውዬ እንዲታየው።»